«ስታቲክ ዲስቻርጅ»ን በአማርኛ ስለ መሰየም፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ተማሪዎች ሮቦት

ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር የተዘጋጁ የጥገና መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ስታቲክ ዲስቻርጅ» ከሚለው ሐረግ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቁታል። ሐረጉን እንዳለ በፊደላችን ጽፎ ሊያልፍ ይችላል፤ ወይም ቃል በቃል «የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ፍሳሽ» ሊለው ይችላል። የመጀመሪያው መንገድ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ሁለተኛው ይነግረዋል፤ ነገር ግን የሚነግረው ተማሪውን ብልሽቱ ከሌለበት ቦታ እንዲፈልግ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የቃሎቹን ታሪክ ተከትለን ይህ ለምን እንደ ሆነ እንመረምራለን፤ በአማርኛ ምን ማለት እንደሚሻልም ሐሳባችንን እናቀርባለን።

ለምርመራችን ደብረ ታቦርንና የደቡብ ጎንደርን ደጋ እንደ ማሳያ ወስደናል። አንደኛ ነገር፣ ቦታው ከፍተኛ፣ በጋውም ደረቅ በመሆኑ ነገሩ ራሱ በሰፊው የሚታይበት ነው። ሁለተኛውና ለቃላት አጥኚ የበለጠ የሚስበው ምክንያት፣ ከከተማው አጠገብ ያለችው ጋፋት ናት፤ መድፍ የተሠራባት መንደር ለኤሌክትሪክ ቃላት ምን ታደርጋለች ቢባል መልሱ ወደ ኋላ ይመጣል።

አስቀድመን በአገሩ ሰው አፍ ያለውን እንመልከት። ደገኛው የኤሌክትሪክን ኀይል በስም የሚያውቀው ከሰማይ ሲወርድ ነው። መብረቅ ከግእዙ «በረቀ» የወጣ፣ ብዙ ቁጥሩ መባርቅት የሆነ ጥንታዊ ስም ነው፤ በአነጋገር ብራቅም ይባላል። ነጐድጓድ ድምፁን፣ መብረቅ ብርሃኑንና ምቱን ይይዛሉ። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በክረምት ደመና ሲለብስ እነዚህ ቃላት የዕለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ በደገኛው ልማድ የዚህ ኀይል ወራት ክረምት ነው። አሁን የምንነጋገርበት ትንሹ መብረቅ ግን የበጋ ነገር ነው፤ አየሩ ሲደርቅ ይበረታል፣ ዝናም ሲመጣ ይጠፋል። የአንዱ ስም ለሌላው በቀላሉ ያልተላለፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ምክንያት በቤቱ ዕቃ ውስጥ ይገኛል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተፋትገው ሲለያዩ፣ ከአንዱ ላይ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፤ ይህ በማንኛውም ቤት፣ በማንኛውም ዘመን ይሆናል። የተላለፈው ሙል (ቻርጅ የሚባለውን ማለታችን ነው) ተጠራቅሞ እንዲታይ ግን የሚይዘው ዕቃ አስተላላፊ ያልሆነና ደረቅ መሆን አለበት። የጥጥ ጋቢና ኩታ ከአየር እርጥበት ይወስዳሉ፤ የእንጨት ሚዶ፣ በእበት የተለቀለቀ ወለል፣ የጭቃ መደብ፣ ባዶ እግር ሁሉም ሙሉን ቀስ እያደረጉ ወደ መሬት ያሳልፉታል። ከቀድሞው ልብስ የተለየ ጠባይ ያለው የበግ ጠጕሩ ባናና በርኖስ ነው፤ በበጋ ሌሊት ከላይ ሲገፈፍ ይንጣጣል፣ በጨለማም ብልጭ ይላል። ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ ቋንቋው ግሥ እንጂ ስም አላስፈለገውም። «ተንጣጣ»ን ከምጣዱ፣ «ብልጭ አለ»ን ከማናቸውም ብርሃን ወስዶ በቃው። በኋላ የፖሊስተር ሹራብ፣ የፕላስቲክ ሚዶና የስፖንጅ ፍራሽ በገቡ ጊዜ፣ የበር እጀታ ነክቶ የደነገጠ ሰው «ነዘረኝ» አለ። ይህም ግሥ ነው። ከጣልያንኛ የመጣው ኮረንቲ የሽቦውን ኤሌክትሪክ ስለ ያዘ፣ ሹራቡ ላይ ያለውን ኮረንቲ ብሎ የሚጠራ የለም። እንግዲህ የሚፈለገው ስም ባዶ ቦታ ላይ የሚቆም ነው፤ ነገር ግን በዙሪያው ሦስት ያህል ጥሩ ግሦች አሉ። ተርጓሚው ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት እነዚህን ቢያያቸው መልካም ነበር።

አሁን ወደ ባዕዱ ስም ታሪክ እንሻገር። «ኤሌክትሪክ» የተባለው ቃል መነሻው ግሪኮች ለቅሪተ ሙጫ፣ ማለት ለቢጫው ጌጥ የሰጡት ኤሌክትሮን የሚል ስም ነው፤ ሙጫው በጨርቅ ሲታሽ ገለባ ይስባልና። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው የላቲን መጽሐፉ ውስጥ እንደዚህ የሚስቡትን ሁሉ በሙጫው ስም ጠራቸው። ከዚያ በኋላ ለ200 ዓመት ያህል አጥኚዎች የሚያውቁት ኤሌክትሪክ፣ ከመብረቁ በቀር፣ በመፋተግ የሚገኘው ብቻ ስለ ነበረ መለያ ቅጽል አላስፈለገውም። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመዳብና የዚንክ ክምሩን ሠርቶ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ባገኘ ጊዜ ግን አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ግድ ሆነ። አንዳንዱ አሮጌውን «ተራ ኤሌክትሪክ»፣ አንዳንዱ «የሰበቃ ኤሌክትሪክ» አለው፤ በመጨረሻ ያሸነፈው ከግሪክ «መቆም» የወጣው «ስታቲክ» ነው። እንግዲህ «ስታቲክ» የአንድ ነገር ገለጻ ሆኖ አልተፈጠረም። ከሚፈሰው ጋር ለማነጻጸር የወጣ የመለያ ስም ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 ሁለቱ አንድ ዐይነት ኤሌክትሪክ መሆናቸውን በሙከራ ካሳየ በኋላም ስሙ ቀረ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ዛሬ የግሪኩ ትርጉም ደብዝዟልና ብዙ አያሳስትም። እኛ ግን «የማይንቀሳቀስ» ብለን ስንመልሰው ደብዝዞ የነበረውን ትርጉም ሕያው እናደርገዋለን።

«ቻርጅ» እና «ዲስቻርጅ» ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው፤ ጋፋትም የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ከላቲን «ሠረገላ» ወጥቶ ጭነት መጫንን፣ ከዚያም ጠመንጃና መድፍ ባሩድ ማጉረስን ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746 በጀርመንና በሆላንድ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ጠርሙስ ከተገኘ በኋላ፣ ብልጭ ብሎ በድምፅ ሲለቅ ያዩት ሰዎች ከጦር መሣሪያው ጋር ቢያመሳስሉት አይገርምም፤ ማጠራቀሙ ማጉረስ፣ መልቀቁ መተኮስ ሆነ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ብዙ ጠርሙሶችን በአንድነት አያይዞ «ባትሪ» አላቸው፤ ባትሪ በዚያን ጊዜ በአንድ ስፍራ የተሰለፉ መድፎች ስም ነበር። ዛሬ ተማሪ «ባትሪው ቻርጅ አለቀ» ሲል ሦስቱንም፣ ሳያውቀው፣ ከመድፈኛ አፍ ወስዶ ይናገራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሰፈሯቸው፣ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡት የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን፣ ከእነዚህም ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ሌሎችም የውጭ አገር ሰዎችና የአገሩ ሠራተኞች፣ መድፍና ሙርታር ሲያቀልጡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በዚህ ስፍራ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጐተተ። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው የእነዚህ መሣሪያዎች ቋንቋ ነው። ሠሪዎቹ በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሳሉ፣ የዕቃው ስሞች መድፍና ባሩድ ከዐረብኛ በቀይ ባሕር ንግድ በኩል አስቀድመው የገቡ ነበሩ፤ የድርጊቱ ግሦች ግን ከቤት የወጡ ናቸው። ጠመንጃ «ጎረሰ»፣ ተኳሹ «አጎረሰ»፣ ከዚያ «ተኮሰ»። «ተኮሰ» በእሳት መተኮስንም ስለሚይዝ ከባሩድ በፊት የነበረ ግሥ ነው፤ «ጎረሰ»ም ከማዕድ የመጣ ነው። ስመ ዕቃ ከውጭ፣ ግሥ ከውስጥ፤ ይህ የአማርኛ አሮጌ ልማድ ነው፤ ወደ ኋላ እንጠቀምበታለን። (ጋፋት የሚለውን ስም የሚጋራው፣ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ይነገር የነበረው ሴማዊ ቋንቋ፣ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ተናጋሪዎች ባይመዘግበው ኖሮ ከነግሦቹ በጠፋ ነበር። ይህን በመንገድ አነሣነው።)

እንግዲህ አማርኛ ፍራንክሊን የሄደበትን መንገድ ቢሄድ፣ ቻርጅን «ጉርስ»፣ ዲስቻርጅን «ተኩስ» ይል ነበር። ቀልድ አይመስለን፤ የመጀመሪያውን ባንቀበለውም ሁለተኛው ለአንድ የተለየ ጕዳይ እንደሚያገለግል ከዚህ በታች እናሳያለን።

ስለ ሮቦቱ ጥቂት እንበል። ፈርስት ግሎባል የተባለው የወጣቶች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሲደረግ ከ150 የሚበልጡ አገሮች ወጣቶች ተገኝተዋል፤ የኢትዮጵያ ቡድንም በዚህ ውድድር ከተሰለፉት አንዱ ነው። ለየቡድኑ አንድ ዐይነት የዕቃ ሣጥን ይላካል፤ ከዚያ ውስጥ ሻንሲው፣ ሞተሮቹ፣ ጎማዎቹና መቆጣጠሪያው ይገጣጠማሉ። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጋፋት መባሉን ስናስብ፣ እንዲህ ያለውን መመሪያ በአማርኛ የሚሻ አንባቢ በዚያ ምድር አለ ማለት ድፍረት አይሆንም።

ሮቦቱ የሚታመመው እንዲህ ነው። በስፖንጅ ወይም በምንጣፍ ላይ ሲሮጥ፣ በተለይ ጎማው ሲንሸራተትና ወደ ጎን ሲገፋ፣ ሰበቃው ሙል ያመነጫል። ጎማዎቹ ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ስለ ሆኑ ሙሉ ወደ መሬት መውረጃ አጥቶ በብረቱ ሻንሲ ላይ ይጠራቀማል። ሮቦቱ ሌላ ሮቦት ወይም የሜዳውን ብረት ሲነካ፣ የሁለቱ ሙል የተለያየ ከሆነ፣ ነካ ከማድረጉ በፊት ብልጭታ ይዘላል። የሰው ቆዳ የሚሰማው 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ግን 100 ቮልት ባልሞላ ሊጎዳ ይችላል። ብልጭታው መቆጣጠሪያውን ባያቃጥለውም ሥራውን ያቋርጥበታል፤ ገመዱ የተነቀለ መስሎት ግንኙነቱን ያጣል፣ ሮቦቱም በውድድሩ መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነውና መቆሙ ብዙ ጊዜ መሸነፍ ማለት ነው።

የደጋው ከፍታ ነገሩን ያባብሰዋል። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በባሕር ጠረፍ አየር ተሰንጥቆ ብልጭታ እንዲያልፍ በአንድ ሳንቲ ሜትር 30000 ቮልት ገደማ ሲያስፈልግ፣ በዚያ ከፍታ 23000 ያህል ይበቃል። ስለዚህ ያው ሙል ራቅ ካለ ቦታ ይዘላል። በባሕር ጠረፍ የተጻፈ መመሪያ «ሽቦውን ከብረቱ ይህን ያህል አርቁ» ቢል፣ ደገኛው ተማሪ ትንሽ ጨመር ቢያደርግ አይከፋም።

እዚህ ላይ «የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ» ምን እንደሚያደርግ እናስተውል። ሮቦቱ ሜዳ ላይ ቆሞበት የተመለሰ ተማሪ እንበል። መመሪያው የብልሽቱን መንሥኤ «የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ» ይለዋል። ተማሪው ሮቦቱን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ሁሉም ደኅና ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ጎማዎቹን በአየር ላይ ያሽከረክራል፤ አሁንም ደኅና ነው። ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ ዳግመኛ ይቆማል። መንሥኤው የሚፈጠረው ጎማና ወለል ሲፋተጉ ብቻ መሆኑን ስሙ ሰውሮበታልና፣ ተማሪው ፍለጋውን የጀመረው ብልሽቱ ሊታይ በማይችልበት ቦታ ነው። «የሰበቃ ኤሌክትሪክ» ቢባል ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄው «ምን ከምን ጋር ይፋተጋል?» ይሆን ነበር። ሰበቃ እሳት ከእንጨት ከማውጣት የመጣ፣ በትምህርት መጻሕፍትም ለመፋተግ የተለመደ ቃል ነው። ከዚህም በላይ አውሮፓውያኑ ራሳቸው ከመተዋቸው በፊት የያዙት ስም ስለ ሆነ የምናቀርበው ፈጠራ አይደለም ለማለት ያስችለናል።

«ሰበቃ ሁሉ ሙል አይሰጥም፤ ያለ መፋተግም፣ ነክቶ በመለየት ብቻ፣ ሙል ይገኛል» የሚል የፊዚክስ ሰው ሊነሣብን ይችላል። እውነቱን ነው። ለፊዚክስ ሊቅ «ስታቲክ» ቢቀር አንከራከርም፤ ለጥገና መመሪያ ግን ፈላጊውን ወደ በሽታው የሚመራ ስም ይበልጣል።

ወደ «ዲስቻርጅ» ስንመጣ ጕዳዩ ይጠልቃል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ተቃራኒ ድርጊቶችን በአንድ ጭነት ይዟል፤ ሙሉ በድንገት በብልጭታ መዝለሉንም፣ ቀስ እያለ ሳይሰማ መውጣቱንም ዲስቻርጅ ይላቸዋል። የሮቦት ጥገና ጥበብ በሙሉ ግን አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ነው። ይኸውም ሻንሲውን ከመቆጣጠሪያው የወል መስመር ጋር 470 ኦም በሚሆን ሬዚስተር በኩል በአንድ ቦታ ብቻ ማገናኘት ነው፤ ሬዚስተሩ ሁለቱ በሙል እኩል እንዲሆኑ መንገድ ይሰጣል፣ ድንገተኛውን ጎርፍ ግን ያግዳል። ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ያገናኘ ሰው ለብልጭታው ሰፊ በር ከፈተለት። የተቀሩት መድኀኒቶችም የዚህ ዘመዶች ናቸው፤ መቆጣጠሪያውን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ላይ መግጠም፣ የሻንሲውን የተራቆተ ጠርዝ መሸፈን፣ ገመድ ማሳጠር፣ በገመዱ ላይ የፈራይት ቀለበት ማሰር፣ ወለሉን ሙል እንዳይዝ በሚያደርግ ርጭት ማራስ። ተርጓሚው ሁለቱንም «ፍሳሽ» ካላቸው ግን፣ መመሪያው በአንድ ገጽ «ፍሳሽን ተከላከሉ»፣ በሚቀጥለው «እንዲፈስ መንገድ ስጡት» ሊል ነው። አንባቢው በየትኛው ይያዝ? «ፍሳሽ» በከተማ አፍ ከቆሻሻ ውኃ ጋር መጣመዱን ትተን ማለት ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ዕድል አለው። ድንገተኛውን «ተኩስ» እንበል፤ የጋፋቱ ግሥ ነው፤ ብልጭታውን፣ ድምፁንና ፈጣን መልቀቁን አንድ ላይ ይዟል፤ ፍራንክሊንም የተመኘው ይህንኑ ነበር። የጦር መሣሪያ ስም በልጆች መመሪያ መግባቱን የሚጠላ ቢኖር «ብልጭታ» ይበቃዋል፤ ይሁን እንጂ ብልጭታ የሚታየውን ብቻ ስለሚያመለክት ሳይታይ የሚዘለውን ትንሹን ተኩስ ያስቀረዋል። ቀስ ያለውን ደግሞ «ስርገት» እንበል፤ ውኃ በአፈር ውስጥ እንደሚሰርግ፣ ጋቢና የለቀለቀ ወለልም በሙሉ ላይ እንዳደረጉት። እንግዲህ መመሪያው «ተኩስን ለመከላከል ስርገትን አመቻቹ» ሊል ይችላል፤ ሁለት ቃል፣ ሁለት ነገር።

ለቻርጅ «ሙል»ን የመረጥነው፣ ባትሪ «ሞላ» ማለት በየቤቱ ስለ ተለመደ ነው። «ጉርስ»ን የተውነው አሉታዊውን ስለማይሸከም ነው፤ አሉታዊ ጉርስ ማለት ጆሮን ይጎረብጣል። እርግጥ አሉታዊ ሙልም ትንሽ ይጎረብጣል፤ ፍራንክሊን አዎንታን ትርፍ፣ አሉታን ጉድለት አድርጎ ስላሰበ ጉድለትን «ሙል» ማለቱ የእርሱ ሂሳብ ውርስ ነው፤ ዛሬ አሉታዊ የተባለው የኤሌክትሮን ትርፍ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ይህን ማቃናት ከቃላት ሥራ ዐቅም በላይ ነው።

የሚቀረው «ግራውንድ» ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ኧርዝ» ሲል በመሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ አለ፤ ስለዚህ «ምድር» ብሎ መመለሱ ስሕተት የለበትም። ሮቦቱ ግን በላስቲክ ላይ ቆሟል፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው አንድም ሽቦ የለም። በመመሪያው ውስጥ «ሻንሲውን ግራውንድ አድርግ» የተባለው «ከምድር ጋር አያይዝ» ተብሎ ቢመለስ፣ ጠንቃቃ ተማሪ የሚቀበር ዘንግ ይጠይቃል፤ ሌላው ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር በቀጥታ ያስረዋል፣ ይህም የተከለከለ ነው። በዕቃው ውስጥ ሁሉም ክፍል የሚጋራው መነሻ ስለ ሆነ «የወል መስመር» ብንለው ሁለቱንም ስሕተት ያስቀርልናል፤ «ኧርዝ» እና «ምድር» ለቤትና ለምሰሶ ሽቦ ይቆዩ።